ረዳት መምህሯን እናክብር



የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በልጅነታችን መድረሳ ስንቀራ ኡስታዙ አንድ፣ እኛ ብዙ ነበርን። ጣታችንን ይዞ አሊፍ፣ ባ ያስቆጠረን ከፍ ያለው ደረሳ ነበር። ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት ይህን የምትሠራው ረዳት መምህርት ናት፤ የዘገየውን ለብቻው ታስቆጥራለች፣ እርሳስ አያያዝ ታሳያለች፣ ያለቀሰውን ታባብላለች።

እኛ ግን በአንድ ወቅት ስለ ልጃችን ልንጠይቅ ሄደን እርሷን አልፈን ዋናዋን መምህርት አነጋገርን። «እሷን ጠይቋት፤ ልጁ ፊደል የለየው ከእሷ ጋር ነው» አለችን። አፈርን። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው አላህን መለመናቸውን እያስተማርን ረዳትን ዘለን አለፍን!

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ «ሞግዚቷ» ሳይሆን «ቲቸር» ብለው እንዲጠሯት አስተምሯቸው። እናንተም በቅድሚያ ሰላም በሏት።