በማጣበቂያ ተገንብቶ በእሳት የሚጸና የማይዝግ ብረት
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የታዘዝኩት ጉዳይ «ባይንደር ጄቲንግ» በሚባለው ዘዴ የሚሠሩ የማይዝግ ብረት ዕቃዎች ጥንካሬ ነው። ዘዴውን ኢማኑኤል ሳክስና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አፍልቀው የፈጠራ መብቱን የጠየቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ነበር። የብረት ዱቄት በስሱ ይነጠፋል፤ ቅርጹ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ፈሳሽ ማጣበቂያ ይረጭበታል፤ በላዩ ሌላ ዱቄት ይደረባል፤ እንዲህ እየተባለ ዕቃው ይቆማል።

በዚህ ደረጃ ገና ብረት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ከይዘቱ 40 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው አየር ነውና። ሸክላ ሠሪዎቻችን እንደሚያውቁት ጥሬው ገንቦ ገንቦ የሚሆነው ከተተኮሰ በኋላ ነው። 316ኤል የሚባለው ብረት ከ1,350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲተኮስ ብናኞቹ ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ ዕቃውም በየጎኑ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይኮማተራል። በዚያ ሙቀት የብረቱ ከፊል ዴልታ ፌራይት ወደሚባለው መልክ ሲለወጥ አተሞቹ ይበልጥ ስለሚፈጥኑ፣ ቀዳዳዎቹ ቶሎ ይዘጋሉ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። እሳቱን ባበረታንና ባስረዘምን ቍጥር ቀዳዳው ይጠባል፤ ክሪስታሎቹ ግን ይወፍራሉ። ሆልና ፔች በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ክሪስታል በወፈረ መጠን ብረት ለመጣመም ይቀለዋል። ስለዚህ በሌዘር ቀልጦ ወዲያው ከሚቀዘቅዘው ብረት ጋር ሲነጻጸር የእኛው ለስለስ ያለ ነው። ሆኖም በሚገባ ከተተኮሰ ለተለመደው 316ኤል ጠፍጣፋ ብረት የተደነገገውን ዝቅተኛ ልክ፣ ይኸውም የ170 ሜጋ ፓስካል የመጣመሚያና የ485 ሜጋ ፓስካል የመበጠሻ ጥንካሬ፣ ሊያሟላ ይችላል።

ዳሩ ግን የመሳብ ፈተና ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይቅር ባይ ነው። እንጀራ ዓይን ባይኖረው እናዝናለን፤ በብረት ገጽ አጠገብ ያለ ዓይን ግን ጭነት በተመላለሰ ቍጥር ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ዕቃውን በጋለ ጋዝ ግፊት ማመቅ የውስጡን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ወደ ውጭ የተከፈተውን ግን ጋዙ ራሱ ስለሚገባበት ሊዘጋው አይችልም። ከማጣበቂያው የተረፈ ካርቦንም ከ0.03 በመቶ ካለፈ፣ በክሪስታሎቹ ድንበር ክሮሚየሙን እየያዘ የማይዝገውን ብረት ሊያዝገው ይችላል።

ስለሆነም ሻጭ የመሳብ ፈተና ወረቀት ብቻ ይዞ ሲቀርብ፣ በተለይም ዕቃው እንደ ፓምፕ ባለ ዘወትር በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ የሚገባ ሲሆን፣ ከዚያው ከዕቃው ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ የታየ ናሙናና የካርቦኑን ልክ ሳንቀበል ፊርማችንን ማኖር አይገባንም እላለሁ።