የዘር ነገርና የጎልማሳ ሰው አስም



ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዐባይን በመሻገር የጎንደርን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ዘንዘልማን ያገኛል። በመኸር ወራት እህሉ በየአውድማው ሲወቃ የእብቁ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል። ይህን ብናኝ ወንድማማቾች እኩል ይተነፍሱታል፤ ዳሩ ግን ከመካከላቸው አንደኛው ብቻ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሊያነጋ ይችላል። በአንድ ቤት ያደጉ፣ ከአንድ ገበታ የበሉ ሆነው ሳለ አንዱ ለምን ተለይቶ ይታመማል? የተለመደው መልስ «የዘር ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በሽታው ከአባት ከእናት የወረደ ነው የተባለ ሰው መድኃኒቱን መከታተልም ሆነ ከጭሱ መራቅ ዋጋ የሌለው ሊመስለው ይችላልና።

የሰው ዘረመል ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት እንዳሉት ንድፍ ቢቈጠር፣ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ ፊደላት አንዱን ያህል ነው። አስምን በብቻው የሚያመጣ አንድ ፊደል የለም። ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች እየተደመሩ ሰውነትን ለቁጣ ያዘጋጁታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ10,000 በላይ የአስም ሕሙማንን የመረመረ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የታወቀ ልዩነት የሚያያዘው በልጅነት ከሚጀምረው አስም ጋር ነው። በጎልማሳነት በሚጀምረው አስም የዘር ድርሻ ያነሰ መሆኑን ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም አመልክተዋል። ስለዚህ በአርባ ዓመቱ ማፈን የጀመረው ሰው ስለ አያቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ሥራ ቦታውና ስለ ወጥ ቤቱ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሌላም ችግር አለ። የዚያ ሰፊ ጥናት ተመርማሪዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። በአውሮፓ የተገኘው ለኢትዮጵያዊ ይሠራልን? ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ከችፌ ነው። ቆዳን የሚያጠብቀው ፊላግሪን የተባለው ፕሮቲን በዘር ለውጥ ምክንያት ሲጎድል ለችፌ፣ ከችፌም ጋር ለሚመጣ አስም እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓውያን ላይ ታወቀ። የጎንደር ሐኪሞች ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ይህንኑ ሲፈልጉ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደታተመው፣ ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር ሌላ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሌላ ጥናት ክላውዲን አንድ ወደሚባለው፣ የቆዳን ሕዋሳት እርስ በርስ ወደሚያያይዘው ዘረመል አመለከተ። በሽታው አንድ፣ መንገዱ ግን የተለያየ ሆነ ማለት ነው። በውጭ አገር የተዘጋጀ የዘር ምርመራ እዚህ መጥቶ «ነጻ ነህ» ቢል ማመን አያስፈልግም።

ዘር ብቻውን እንደማይፈርድ ደግሞ ጅማ ትመሰክራለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር 12,876 ሰዎችን ጠየቀ። አስም አለብኝ ያሉት በከተማው ከመቶ 3.6፣ በገጠሩ 1.3 ነበሩ። ሕዝቡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በዘርም ይህን ያህል የሚራራቁ አይደሉም። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ለቤት አቧራ ነፍሳት በቆዳ ምርመራ የሚቆጣ ሰው በገጠሩ በዝቶ ሳለ፣ ቁጣው ከሲርሲርታ ጋር የተያያዘው በከተማው ብቻ መሆኑ ነው። ዝግጁነቱ በገጠሩም አለ፤ የሚቀሰቅሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ምናልባት የአንጀት ትላትል ቁጣውን ያበርዱት ይሆናል የሚል ሐሳብ ከዚያው አካባቢ በተገኘ ተከታይ ጥናት ተጠናክሯል፤ ይህን ሰምቶ ትልን እንደ መድኃኒት የሚያወድስ ግን አይኑር።

ፊደላቱን መለወጥ ከመሐንዲስ ሙያ ውጭ ነው። የቤቱ አየር ግን በእጁ ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት በኩበትና በጭራሮ ጭስ ውስጥ ሰዓታት ስታሳልፍ፣ ለማገዶ ቁጠባው የታሰበውን ያህል ለጭሱ አልታሰበላትም። ጭስ የሚወጣው ሞቃት አየር ቀላል በመሆኑ ነው፤ ስለሆነም መውጫው ከጣራው ጫፍ ከፍ ማለት፣ ከምጣዱም በላይ በቀጥታ መሆን ይኖርበታል። ከግድግዳው ግርጌም ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካልተተወለት መውጫው ብቻውን አይስብም።