በለገጣፎ ስለሚሠራ የግቢ አትክልት
(በኅብረቱ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ በዕረፍት ጊዜያችን በለገጣፎ የሰው ግቢ እያሳመርን ኪሳችንን የምንደጉም ተማሪዎች ነን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ግቢ ነው።

ባለቤቱ ያዘዙን ከዳር እስከ ዳር ሣር ነበር። ተከልን። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣሩ በየቀኑ ውሃ ይጠይቅ ጀመር። እኛ በጎማ ስናርከፈክፍ ከአጥሩ ውጭ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ ያውም አዲስ አበባን የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ በቅርባችን ሳለ! አፈርን።

በተከታዩ ሰኔ ባለቤቱን ለምነን ግማሹን ሣር ነቀልን፤ በክረምቱ ሥር እንዲሰዱ ወይራ፥ ቀጋ፥ አጋምና እሬት ተከልን። በርግጥ ለጋ ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ ያለ ውሃ አይዘልቅም። ስለዚህ ግርጌውን በገለባ ሸፈንን፤ ከጣሪያው ሥርም በርሜል አኖርን። በ60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 600 ሊትር ነው፤ ጥቂት ባይባክን ሦስት ትልልቅ በርሜል ይሞላል።

እሬቱ ሲያብብ ወለላውን የምትመጥ ቀጭን ምንቃር ያላት ወፍ መጣች። በሣሩ ላይ እንዲህ ያለ እንግዳ አይተን አናውቅም።

የግቢው አትክልተኛ አባባ ግን አልተደሰቱም። «ሣሩ ካለቀ ምን አጠጣለሁ? እንጀራዬስ?» አሉን። መልስ አጣን። ችግኝ ማፍላቱ ለእሳቸው እንዲሆን ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል፤ ደመወዛቸው ግን ገና አልተቆረጠም። ቅዳሜ ሄደን እንጠይቃለን፤ አብሮን የሚመጣ አካፋ ይያዝ።