ለኛ ያደላ ወሬም ይጣራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሱረቱል ሑጁራትን ስድስተኛ አንቀጽ በኹጥባ ሰምቶ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ወሬ ሲደርሰን ሳናጣራ እንዳንነሳ፣ ባለማወቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት አላህ ያዘዘበት አንቀጽ ነው። ይህን አንቀጽ በብዛት የምንጠቅሰው ታዲያ ስለኛ ክፉ ሲወራ ነው። «ሳያጣሩ ስማችንን አጠፉ» እንላለን፤ እውነታችንን ነው። ወሬው ለኛ ሲያደላና ልባችንን ደስ ሲያሰኝ ግን አንቀጹን የሚያስታውስ ይጠፋል። የዛሬው ንግግራችን በዚህች ላይ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተግባር እንመልከት። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ልጃቸው ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። የመዲና ሰዎችም «ፀሐይ የተጋረደችው በኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። እስቲ አስቡት፤ ይህን ያሉት ወዳጆች ናቸው። የሚከራከራቸውም የለም። ዝም ቢባል የብዙ ሰው ኢማን የሚጠነክርበት ይመስላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከነሐዘናቸው ተነስተው ሶላት አሰገዱ፤ ከዚያም ሕዝቡን አስተማሩ። ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። ለሳቸው ክብር የተባለውን የተሳሳተ ወሬ ያረሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ጨረቃን በመጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ እዚያ ላይ አዛን ሰማ፣ በኋላም ሰለመ የሚል ወሬ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከግብጽ እስከ ኢንዶኔዥያ ተዛምቶ ነበር። ሰውየው አስተባበለ። በ1983 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነገሩ እውነት አለመሆኑን ለኤምባሲዎቹ እስከ መጻፍ ደረሰ። ዛሬም የሚያወራው አለ። ጨረቃ ላይ አየር የለም፤ አየር በሌለበት ደግሞ ድምፅ አይሰማም። ይህን ማንኛውም ተማሪ ልጃችን ይነግረናል። ለመሆኑ እስልምና የአንድ ጠፈርተኛ ምስክርነት ምን ይጨምርለታል?

የነብዩ ቀብር ጠባቂ «ሸኽ አሕመድ» በሕልሙ አየ የሚባለውን ወረቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ይህን ያህል ቅጂ ያባዛ ይበለጽጋል፣ ችላ ያለ መከራ ያገኘዋል ይላል። ሸኽ ዐብዱልዓዚዝ ኢብን ባዝ ውሸትነቱን በጽሑፍ አጋልጠዋል። ወረቀቱ ግን አልሞተም። (የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል።) ይህ ሰው ማን ነው? ከሱ የሰማውስ ማን ነው? ዑለማዎቻችን ለአንዲት ሐዲስ የተናጋሪዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠይቁ ነበር። ኑሕ ኢብን አቢ መርየም የሚባል ሰው ስለ ቁርኣን ሱራዎች ትሩፋት ሐዲስ ፈጥሮ ነበር። ሲጠየቅ ሰዎች ቁርኣንን ችላ ሲሉ አይቼ ልመልሳቸው ብዬ ነው አለ። ሙሐዲሶቹ ለበጎ አስቦ ነው ብለው አላለፉትም፤ ሐሰተኛ ብለው መዘገቡት።

«ታዲያ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱን ከበርማ እንይ። በሰኔ 2004 በአራካን የሮሂንጃ ወንድሞቻችን ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ይህ የተረጋገጠ እውነት ነው። በዚያው ሰሞን የቡድሃ መነኮሳት በሬሳ ክምር መካከል ቆመው የሚታዩበት ፎቶ «መነኮሳቱ የፈጇቸው ሙስሊሞች» እየተባለ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ፎቶው የበርማ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በቻይና፣ ቲቤታውያን በሚኖሩበት በዩሹ አካባቢ፣ ከ2,600 በላይ ሰው የገደለ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በፎቶው ላይ ያሉት መነኮሳት የዚያን አደጋ ሟቾች የሚያነሱ ነበሩ። ሙታንን ያከበሩ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ተባሉ ማለት ነው። አላህ አጣሩ ያለው ይህ እንዳይሆን አልነበረምን? የሮሂንጃን በደል መካድ የሚፈልጉትም ፎቶውን አንስተው «እነዚህ የሚሉት ሁሉ እንዲህ ነው» ለማለት ተመቻቸው። የተቃጠለው ቤት እውነት ሆኖ ሳለ ተበዳዩ ሐሰተኛ ተባለ። መብቱን በሰላም የሚጠይቅ ሕዝብ በእጁ ያለው ንብረት ቃሉ መታመኑ ነው። እሱን ካስወሰደ በምን ይናገራል?

በክርክርም ላይ ይኸው ችግር አለ። አንድ ሰው የተለየ ሐሳብ ሲያነሳ «ማን ልኮት ነው?» ይባላል፤ ሐሳቡን የሚመልስለት የለም። ወሬ ላመጣ ሰው ማንነቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምስክር ነውና። ማስረጃ ያቀረበ ሰው ግን ማስረጃው ይታይለታል። ሸይጧን ለአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ስለ አያተል ኩርሲ የነገረውን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ፣ ተናጋሪው ውሸታም ቢሆንም በዚህ እውነት ተናግሯል ብለዋል።

ኢማም አል-ገዛሊንም ተመልከቱ። ፈላስፎችን ከመተቸታቸው በፊት የፈላስፎቹ ሐሳብ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ያልገባቸውን አልተቹም። በመተቻው መጽሐፋቸው መግቢያ ላይም የግርዶሽን ነገር ያነሳሉ። የግርዶሽ ስሌት በማስረጃ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ይህን በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ ይናገራሉ። ይህ የተጻፈው ከ900 ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የሌላውን መጽሐፍ ሽፋን እንኳ ሳያይ መድረክ ላይ «መልስ» የሚሰጥ አለ፤ ጀመዓውም ድምፁ ከፍ ሲል ያሸነፈ ይመስለዋል።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ለጀመዓው የሚነበብ ወረቀት ወይም በስልክ የደረሰ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ማን እንዳየው፣ የትና መቼ እንደሆነ ጽፎ ይምጣ። «ተባለ» ብቻ ከሆነ እስኪጣራ ይቆይ፤ ወሬው እኛን የሚያስደስት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጣራ። ከየመስጂዱ ለዚህ ሥራ ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ። ዐረብኛና እንግሊዝኛ የሚያነቡ፣ ፎቶ ከየት እንደመጣ በኢንተርኔት መፈለግ የሚችሉ ወጣቶች አሉን፤ እህቶችም ይካተቱ። ስማቸውን እስከሚቀጥለው ጁምዓ አሳውቁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።