ቆሮሶ ሲጠፋ

(ትኩስ ዘይት ላይ የወረደ አሳ ድምፅ)

ሱሉልታ ገበያ ወጥታችሁ «ቆሮሶ አልቋል» ብትባሉ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ሥጋው ነጭ የሆነ አሳ ሌላም አለን፤ አያያዙ ግን ይለያያል።

ቆሮሶ ሥጋው ስስ፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው። ፊሌቶው ለኮተሌት የተፈጠረ ይመስላል። ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁለት፣ ዱቄት ቀቡት፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል አስገቡት፤ አንዴ ብቻ ገልብጡት። ደጋግማችሁ ከነካካችሁት ይፈረፈራል።

ከጫሞና ከአባያ የሚመጣው ናይል ፐርች ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው። ለጉላሽ እኔ ከቆሮሶ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ቁሌቱ ውስጥ ቢቆይም ቅርጹን ይይዛል። ያላችሁ ቆሮሶ ብቻ ከሆነ ቁሌቱ ፈጽሞ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት፤ በማማሰያ ሳትነኩት ድስቱን ብቻ ወዝወዝ አድርጉ።

ካርፕ በሥጋው መሀል ቀጫጭን አጥንት ይበዛዋል። ለልጆች ስታቀርቡ አደራ፣ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ልቀሙት። ከዚያ በደቃቁ ከትፋችሁ በቃሪያና በሽንኩርት ዱለት ብታደርጉት ያምራል።

አምባዛ ቅባት አለው፣ ጣዕሙም ከበድ ይላል፤ በበርበሬ ወጥ ይሆናል። ቅርፊት ስለሌለው ግን በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው። ቆዳው ተገፍፎ ፊሌቶ ከሆነ በኋላ መለየቱ ስለሚያስቸግር፣ ስትገዙ ሻጩን የአሳውን ስም ጠይቁ፤ ለእንግዳም ሳትነግሩ አታቅርቡ።