ለብራና፣ ለወረቀትና ለእንጨት ስለሚቀባ ነገር



የማኅበሩን መቶኛ ዓመት ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ዕለት እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ስለ ቫርኒሽና ስለ ወረቀት ማጠንከሪያ ነው። ከበዓሉ ክብር ጋር ሲመዛዘን ርእሱ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መቶ ዓመት የሞላው ገዳም የብዙ ትውልድ አደራ የተከማቸበት ዕቃ ቤት አለው። በዚያም ያሉትን ብራናዎችና ሥዕሎች ለማዳን ሲባል በቅን ልቡና የሚቀባው ነገር ከምስጥና ከዝናብ የማያንስ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩ የገበዝና የዕቃ ቤት ጠባቂ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስጦታ ይዞ ለሚመጣ ምእመንም የሚነገር ነው። በዶሐና በጎረቤቷ በረያን፣ በሌላም የባሕር ማዶ አገር ሠርተው የሚያድሩ ልጆቻችን ወደ ገዳም ሲመጡ ባዶ እጃቸውን መምጣትን አይወዱም፤ በቆርቆሮ የታሸገ የሚያብረቀርቅ ቅብ ይዘው «ለሥዕሉ ይሁን» ቢሉ ምን ተብሎ እንደሚመለስላቸው ማወቅ ይገባናል።

አናጢዎቻችን ጎማላካ የሚሉት፣ በሌላ ስሙ ሼላክ የሚባለው ነገር ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ሥራ ነው። በህንድና በታይላንድ አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰፍራ የዛፉን ጭማቂ እየመጠጠች ሙጫ ታወጣለች፤ ሰዎችም ቅርፊቱን ፍቀው፣ ፈጭተው፣ አጥበው፣ በእሳት አቅልጠው እንደ ስስ ቂጣ ይዘረጉታል፤ ሲደርቅም ሰባብረው ይሸጡታል። አስቀድሞ ይፈለግ የነበረው ከእርሱ የሚወጣው ቀይ ቀለም ነበር፤ ሙጫው የላቀ ዋጋ ያገኘው ኋላ ነው። የድሮው የግራሞፎን ሸክላ እንኳ ከዚሁ ሙጫ ይሠራ ነበር።

ቫርኒሽ ለማድረግ 200 ግራም ያህሉን በ1 ሊትር ንጹሕ ስፒርቶ ውስጥ ጨምሮ፣ በጠርሙስ ከድኖ፣ አልፎ አልፎ እየነቀነቁ ማሳደርና በስስ ጨርቅ ማጥለል ይበቃል። የብረት ዕቃ ቀለሙን ስለሚያጠቍረው አይስማማውም። ሲቀቡትም በጥጥ ጨርቅ ስስ አድርጎ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን መደረብ ነው። ጧፍና ማዕጠንት ባለበት ስፍራ ግን ፈጽሞ አይሠራም፤ የስፒርቶ ትነት እሳቱ ከሩቅ ቢሆንም እንኳ ይቀጣጠላልና። ይህን በዋዛ የማየው አይደለም፤ ሣር ክዳን ባለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንድ ጠርሙስ ስፒርቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማንም ያውቃል። ከስፒርቶ ለመራቅ የሚሻ 5 እጅ ሙጫ ከ1 እጅ ቦራክስ ጋር በ20 እጅ ሙቅ ውኃ ሊያሟሟው ይችላል። ባርኔጣ ሠሪዎች የባርኔጣን ጨርቅ የሚያጠነክሩት በእንዲህ ያለው ውሁድ ነበር። እንዲህ የተሠራው ቅብ ለአትሮንስ፣ ለመቋሚያ፣ ለወንበርና በውስጥ ላሉ በሮች መልካም ነው፤ ዝናብ ለሚመታው በር ግን አይሆንም፤ ውኃ ሲነካው ይነጣልና።

ሁለተኛው የቅብ ምንጭ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ይኸውም ከወረቀት ፋብሪካ የሚወጣው ዝቃጭ ነው። እንጨት ለወረቀት ሲቀቀል ጭረቱ፣ ማለት ሴሉሎሱ፣ ይቀራል፤ ጭረቱን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር፣ የእንጨቱ ሩብ ወይም ሢሶ የሚሆነው፣ ከመቀቀያው ጋር ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ፓይን የሚባለው ዛፍ በተቀቀለ ጊዜ በጥቁሩ ፈሳሽ ላይ እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ይንሳፈፋል። ይህ በአሲድ ሲለወጥ ዘይት ይሆናል፤ ከአንድ ቶን ወረቀት ከሚሆን ጭረትም ከ30 እስከ 50 ኪሎ ግራም ያህል ዘይት ይገኛል። ዘይቱ ሲጣራ ግማሹ ለቫርኒሽና ለዘይት ቀለም ይውላል፤ ሌላው ሮዚን የተባለው ሙጫ ተመልሶ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይገባና ቀለም እንዳይሰርግ ወረቀቱን የሚያጠነክረው ልባስ ይሆናል። እንግዲህ ዛፉ ተቀቅሎ ወረቀት ይሆናል፤ ከትርፉም ወረቀቱ ይለበሳል። የሰው ብልሃት የሚደነቅ ነው፤ የእኛ መጻሕፍት ችግር የጀመረው ግን ከዚሁ ብልሃት ጋር ነው።

ጀርመናዊው ሞሪትስ ፍሪድሪክ ኢሊግ ሮዚንን አሉም ከሚባለው ጨው ጋር አዋሕዶ ወረቀትን ማጠንከር የሚቻል መሆኑን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1807 ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ የአውሮፓ ወረቀት ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ይነከር ነበር፤ የዓረብ ጸሐፍትም ወረቀታቸውን በስታርች ወይም በእንቁላል ነጭ ቀብተው በለስላሳ ድንጋይ ያሹት ነበር። የኢሊግ መንገድ ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ ዓለምን ሞላው። ነገር ግን አሉሙ በወረቀቱ ውስጥ አሲድ ያፈራል፤ አሲዱም ጭረቱን እያሳጠረ ወረቀቱን ያደርቀዋል፤ ያቢጫዋል፤ በመጨረሻም ሲገለጥ የሚሰበር ያደርገዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከታተሙት የጸሎትና የዜማ መጻሕፍት አያሌዎቹ በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ የታተሙ በመሆናቸው፣ የአያት ብራና ደኅና ሆኖ ሳለ የልጅ ልጁ ወረቀት ቀድሞ ሲያረጅ እናያለን። እንዲህ ያለውን ወረቀት በቫርኒሽ መቀባት ደዌውን በውስጥ ዘግቶ መተው ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ባሮው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆዩ ሰነዶችን በስስ ፕላስቲክ መካከል በሙቀት እየተጫነ ያሽግ ነበር። ኋላ ግን ማሸጊያው ራሱ ሲበላሽ ታየ፤ ማላቀቁም እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። የወረቀትን አሲድ የሚያበርደው ኖራ መሰል ጨው ነው፤ እርሱም የሠለጠነ እጅ ይሻል። ለእኛ የሚቀርበው ሳይሰበር ፎቶግራፍ ማንሣትና አሲድ በሌለበት ካርቶን ማስቀመጥ ነው።

ወደ ብራናው ስንመለስ፣ ብራና ማጠንከሪያ አያሻውም። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፣ ስቡንና ጠጕሩን አስወግዶ፣ በድንጋይ ሲያሸው የሚቀረው ሙጫ ከሚቀቀልበት ነገር ጋር አንድ ነው፤ ማጠንከሪያው በራሱ ውስጥ አለ። ጥላሸቱ ቀለምም ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በላዩ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በውኃም ሆነ በስፒርቶ የተሟሟ ቅብ ሲነካው ሊነሣ ይችላል። ከዚህም በላይ ብራና በክረምት ይለጠጣል፤ በበጋ ይሰበሰባል፤ ጎማላካ ግን አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ዓመታት ሲያልፉበትም ይጠቍራል፤ በስፒርቶ ለማንሣት እንኳ እንቢ ይላል።

የግድግዳ ሥዕሎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። አያሌዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ፣ ቀለሙ በሙጫ እየተለወሰ የተሣሉና በግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል ጓድ የጎንደር አባ እንጦንዮስን ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ሊወስድ የቻለው በጨርቅ ላይ የተሣሉ ስለ ነበሩ ነው፤ ሥዕሎቹም እስከ ዛሬ በዚያው ይገኛሉ። በሙጫ የተለወሰ ቀለም ድምቀቱ ከደረቅነቱ ነው። ቫርኒሽ ሲቀባ ቀለሙ ይመጠዋል፤ ነጩ ይጨልማል፤ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ያደላል፤ ጢስና አቧራም ይጣበቅበታል። ምእመኑ በመጀመሪያው ሳምንት «አበራ» ይላል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቅዱሱ ፊት በጭንቅ ይታያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በረያን በትምህርት ከተማ ውስጥ በ2010 ዓ.ም. በይፋ የተከፈተው የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የጥንት ጽሑፎች መጠበቂያ ክፍል አለው፤ ለዓረብ አገሮችና ለመካከለኛው ምሥራቅ የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የጥበቃ ማዕከል ሆኖም ያገለግላል። እንዲህ ባሉ ማዕከሎች የሚሠራበት ሕግ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቀባኸውን ሳትጎዳ ማንሣት የማትችል ከሆነ አትቀባ የሚል ነው። ለተቀደደ ወረቀት የስንዴ ስታርች ማጣበቂያና ስስ የጃፓን ወረቀት፣ ለብራና ደግሞ ከቆዳ የተገኘ ንጹሕ ሙጫ በጥቂቱ ይጠቀማሉ። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተጠገነው ከገዳሙ ሳይወጣ ነው፤ ባለሙያዎቹ ወደ መጽሐፉ መጡ እንጂ መጽሐፉ ወደ እነርሱ አልሄደም። ለገዳማችንም የሚስማማው እንዲህ ያለው መንገድ ይመስለኛል።

እስከዚያው ድረስ አባቶች የሚፈቅዱ ከሆነ፣ በዕቃ ቤቱ የሚገኘው ቫርኒሽ ሁሉ ከመጻሕፍቱ ርቆ፣ እሳት በማይደርስበት በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ለበሮችና ለወንበሮችም ይዋል። ከረያንም ሆነ ከሌላ አገር «ምን ላምጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ቢኖር ያልተቀለመ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ለብራና መጠቅለያ፣ አሲድ የሌለበት የካርቶን ሣጥን፣ የክፍሉን እርጥበት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ፣ ለማኅደርም የሚሆን መልካም ቆዳ ቢያመጣ ከቆርቆሮው ይልቅ ይጠቅመናል።