ገለል ያለ ማደሪያ ሲመረጥ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ስለ ማኅበሩ ታሪክ ሌሎች ስለሚናገሩ፣ ለእኛ ለባለሱቆቹ የደረሰን ርእስ ቀለል ያለ ነው። ቤተሰብ ይዞ ከሐርጌሳ ወጥቶ ለማደር ምን ዓይነት ቦታ ይመረጣል? የሚል ነው። ቀላል ቢመስልም የልጆች ሕይወት ያለበት ነገር ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ስጡን።

እኛ የ31 ሜይ ሰፈር ሰዎች ልጆቻችንን የምናሳድገው በጠባብ የኪራይ ግቢ ነው። ዓርብ ሲደርስ «ሰው የሌለበት ጫካ ሄደን እንደር» ቢሉን አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ቦታ ስንመርጥ ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛው ውኃ ነው። ሶማሌዎች «ቶግ» የሚሉት ደረቅ ወንዝ ለዓይን እጅግ ያምራል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ እሾህ የለውም፣ ዳርና ዳሩ የግራር ጥላ አለው። እዚያ ግን አይታደርም። ዝናቡ ላይኛው አገር ዘንቦ፣ እኛ ካለንበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውኃ በሌሊት ይመጣል። በተለይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው የ«ጉ» ዝናብ እና በጥቅምትና በኅዳር በሚጥለው በ«ደይር» መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ድንኳኑ ከወንዙ ዳር ራቅ ባለ ከፍታ ላይ ይተከል። መኪናም እዚያው ከፍታ ላይ ይቁም እንጂ አሸዋው ውስጥ አይደር።

ሁለተኛው መሬቱ ራሱ ነው። የሰፈራችን ስም የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ (ኤስ.ኤን.ኤም.) ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1988 ሐርጌሳ የገቡበት ቀን ነው። የዚያ ጦርነት ፈንጂ ለብዙ ዓመታት መሬት ውስጥ ቀርቷል። ሄሎ ትረስት የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ ሲያጸዳ ቆይቷል። እኛ ግን አሮጌ ምሽግና የቀድሞ የጦር ሰፈር አጠገብ አናድርም። ቀይ የተቀባ ድንጋይ ካየን በመጣንበት መንገድ እንመለሳለን። ልጆችም ያልታወቀ ብረት እንዳያነሱ ከቤት ሳንወጣ እንንገራቸው። ከብትና ሰው በየቀኑ የሚረግጡት መንገድ ከሌላው ይሻላል።

ሦስተኛው የቦታው ባለቤት ነው። ባዶ የሚመስለን ሜዳ ሁሉ የግጦሽ ባለቤት አለው፣ ጉድጓዱና የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ቢርካም ባለቤት አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌ ሰላም እንበል፣ እናስፈቅድ። የውጭ ዜጋ ከከተማ ውጭ ለማደር ምን እንደሚጠየቅም አስቀድመን ከፖሊስ እንረዳ፣ መታወቂያችንንም እንያዝ። ሰው የማያውቀው ቦታ ማደር ጀግንነት አይደለም። ልጅ እባብ ቢነድፈው ወይም መኪና ቢበላሽ ደራሹ ያው እረኛ ነው። እንግዲህ ገለል ያለ ቦታ የምንለው ጫጫታ የማይሰማበት፣ ግን የእረኛ እሳት ከሩቅ የሚታይበት ቢሆን እንመርጣለን።

አስተናጋጆቻችን ይህን ኑሮ ያውቁታል። በ1988 ከሐርጌሳ የሸሹት ብዙዎች በእኛ አገር ሐርቲሼክ በሸራና በጨርቅ ጎጆ ኖረዋል፤ ካምፑ የተዘጋው በ2004 ነው። ለእኛ የሁለት ቀን መዝናኛ የሆነው ለእነርሱ የመከራ ትዝታ ነው። ይህን ለልጆቻችን ብንነግራቸው እንግድነትን ይማራሉ።

ወዴት እንሂድ ለምትሉ፣ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ላስ ጌል አለ። በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም ያስተዋወቁት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ የከብት ሥዕል ያለበት ዋሻ ነው። ፈቃድ አውጥቶ በቀን መጎብኘት እንጂ ዋሻው ሥር እሳት ማንደድ ነውር ነው፤ ጭሱ ሥዕሉን ያበላሻል። ለአየር የሼክ ተራራ ይመረጣል። በርበራ በበጋቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሕፃን ይዞ አይኬድም።

ስለ ስንቅ የሱቅ ሒሳባችንን እንንገራችሁ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውኃ ብንይዝ፣ ለ6 ሰው ቤተሰብ ለሁለት ቀን 60 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ነው። ለመኪናው አንድ ይጨመር። የግራር እሾህ ነጠላ ጫማ ስለሚበሳ ልጆች ሽፍን ጫማ ያድርጉ፤ ጠዋት ጊንጥ እንዳይኖርበት አራግፈው ይልበሱ። አጎበርና የእጅ ባትሪ አይረሳ። ከሰል ከቤት ይያዝ፣ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥ። የሥጋ ትራፊ ጅብ ስለሚጠራ ይቀበር። ፌስታል ሁሉ ተለቅሞ ይመለስ፤ ፍየሎቹ በልተውት ይሞታሉና። አልኮል በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነው፣ አይታሰብ። ጀበናችን ግን ይምጣ። ቡናው ሲፈላ እረኛውንም እንጥራው።

አምላክ የምንኖርበትንም የተወለድንበትንም አገር ሰላም ያድርግልን።